እማማ ያሳዩት ኮረብታ

እማማን የተዋወቅኳቸው ከዴንቨር አየር ማረፊያ ልቀበላቸው ሄጄ ነው። ያኔ ከዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ከተማ ባለች አንዲት ትንሽ የጠበቆች ቢሮ በረዳትነት እሠራ ነበር። እሳቸው አራፓሆ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑ አዛውንት ናቸው፤ ዴንቨርም ኦሮራም ሳይቆረቆሩ በዚህ ሜዳ ላይ ይኖሩ የነበሩ፣ ኋላ በጦር ተባረው ዋዮሚንግ ግዛት የሰፈሩ ሰዎች ልጅ። ከልጃቸው ጋር የመጡት ከኦሮራ በስተምሥራቅ ያለ አንድ ኮረብታ ላይ ቤቶች ሊሠሩ መሆኑን ሰምተው ነው። ቅድመ አያቶቻቸው የተቀበሩት እዚያ ነው። መሬቱ ግን በሕግ የአንድ ኩባንያ ሆኗል። የእኛ ሥራ ተደራድረን ኩባንያው ኮረብታውን እንዲተው ማድረግ ነበር።

"እማማ" ያልኳቸው ሳላስበው ነው። ትርጉሙን ስነግራቸው፣ "እንግዲህ እንደ ልጅ ታዘዘኝ" ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው።

ድርድሩ የበረዶውን ወራት ሙሉ ተጎተተ። ኩባንያው መጀመሪያ የመታሰቢያ ድንጋይ ላቁም አለ፤ ቀጥሎ አንዱን መንገድ በሕዝባችሁ ስም ልሰይም አለ።

"ሙታኖቼ መንገድ አልጠየቁም" አሉ እማማ።

በመጨረሻ የኩባንያው ጠበቃ፣ "መቃብሮቹ የት የት እንደሆኑ ካላሳያችሁን የምንተወው መሬት የለም" አለ።

ጭንቁ እዚህ ላይ ነበር። ቦታውን ለውጭ ሰው ማሳየት በእማማ ቤተሰብ ነውር ነው፤ ድሮ ያሳዩት መቃብር ተቆፍሮ ተዘርፎባቸዋል። ካላሳዩ ደግሞ ግሬደር ሊገባበት ነው።

"እማዬ፣ እባክሽ አታሳዪያቸው!" ብላ ልጃቸው አለቀሰች።

እማማ ግሌንዴል በሚባል ሰፈር ባረፉበት አፓርትመንት መስኮት አጠገብ እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። ወደ ማታ ጠሩኝና፣ "ነገ ውሰደኝ" አሉኝ።

በማግስቱ አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ፓርክ አደረግኩ። ነፋሱ ሰው ይጥላል። እኔና ልጃቸው ግራና ቀኝ ደግፈን ወደ ኮረብታው አወጣናቸው። በራሳቸው ቋንቋ መሬቱን እያናገሩ በከዘራቸው "እዚህ... እዚህም" ይላሉ። ድምፃቸው ይቅርታ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። የኩባንያው ሰው ከኋላችን እየተከተለ ባመለከቱት ሁሉ ላይ ብርቱካንማ ባንዲራ ይተክላል።

ስምምነቱን ልንፈርም ስንዘጋጅ ኩባንያው መሬቱን ሸጠው። አዲሱ ገዢ "እኛ የገባነው ቃል የለም" አለ። የእግድ ትእዛዝ ጠየቅን። ዳኛው የአንዲት ሴት ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ብለው ከለከሉን።

በማግስቱ ቦታው ስንደርስ የኮረብታው ግማሽ ተቆርጦ ራቁቱን አፈር ሆኗል። ከባንዲራዎቹ አንዱም የለም። ልጃቸው አዲስ የተሠራውን አጥር ይዛ ጮኸች። እማማ ከመኪናው አልወረዱም።

"ሳያውቁ ቢያርሱት ይሻለኝ ነበር" አሉኝ ወደ ፊት እያዩ። "አሁን ግን አሳይቻቸው ነው ያረሱት።"

ወርጄ ልጃቸውን ከአጥሩ አላቅቄ አመጣኋት።

አሁን ለቀረው ግማሽ ይግባኝ ላይ ነን። ማሽኖቹን ያቆመው ፍርድ ቤት ሳይሆን ዳግም የመጣው በረዶ ነው፤ መሬቱ ሲላላ ይመለሳሉ። እማማ ከዋዮሚንግ እየደወሉ፣ "ምን ላይ ደረሰ?" ይሉኛል።

"እየጠበቅን ነው፣ እማማ።"

"እዚያስ በረዶው እንዴት ነው?"

"ገና አልቀለጠም" እላቸዋለሁ።