ቢላዋቸውን የሚያጥቡት ሽማግሌ

በቱርክ ከናዚሊ ከተማ በላይ ያለውን የተራራችንን ሰው ለዘመናት ያኖረው ከስታኔ የሚባለው፣ ተጠብሶ የሚበላ የዛፍ ፍሬ ነው። አሁን የፈንገስ በሽታ ልጡን እየሰነጠቀ ዛፎቹን በቁማቸው ያደርቃቸዋል።

ከማዶ መንደር አንድ ሽማግሌ በየጠዋቱ ይመጣሉ። ስማቸውን ነግረውን አያውቁም። የኮታቸው እጅጌ በዛፍ ፈሳሽ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ሆኗል። የታመመውን ልጥ ጤነኛው እስኪታይ ድረስ ይፍቃሉ፤ ፍቅፋቂውን ለቅመው ያቃጥላሉ፤ ቁስሉን መድኃኒት ይቀባሉ። ከዚያ ቢላዋቸውን በአልኮል ደጋግመው ያጥባሉ። ዋጋ አይጠይቁም።

ትናንት እህቴ ሳቢሃ፣ "አባት፣ ይበቃዋል እኮ፤ እጅዎ ተላጠ" አለቻቸው።

"ድሮ አላጥበውም ነበር" አሉ ቀና ሳይሉ። "ጥሩ ዘር ነው ብዬ ከራሴ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቆረጥኩ በየሰው ዛፍ ላይ አዳቅል ነበር። ዛፌ መታመሙን አላወቅኩም።"

"በአባታችንስ ዛፎች ላይ?" አለች።

"በአባታችሁም።"

አባታችን የሞተው አርባ ዛፎቹ በደረቁበት ክረምት ነው። ሳቢሃ ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሽማግሌው ወደሚቀጥለው ዛፍ አልፈው መፋቅ ጀመሩ።