በሳምራ ግራ በኩል

ቀናው አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ዶሮ እንኳን ገጭቶ አያውቅም። ይህን ራሱ አይናገረውም፤ የሚናገሩለት የአቃቂ ሹፌሮች ናቸው። ከብረታ ብረት ፋብሪካው ፌሮ ጭኖ ሲወጣ ባጃጅ ካየ ፍጥነት ይቀንሳል፤ መንገድ የሚያቋርጥ ሽማግሌ ካየ ከኋላው የሚነፋውን ጥሩምባ ሁሉ ችሎ ይቆማል። ጓደኞቹ «አንተ ሲኖትራክ ሳይሆን ጋሪ ነው የምትነዳው» ይሉታል። እሱ ይስቃል። ለዚህም ነው የዚያን የጥቅምት ጠዋት ነገር እስከ ዛሬ ሲያነሱበት ፊቱ የሚለዋወጠው።

ከአቃቂ ድልድይ ወደ ቃሊቲ የሚያወጣውን ዳገት ሊጀምር ሲል፣ ከፊቱ በመንገዱ ዳር ቢጫ ማሊያ የለበሰች ብስክሌተኛ አየ። ወደ ግራ ጠጋ ብሎ በቂ ቦታ የተወላት መሰለው። አለፋት። ተሳቢው ጨርሶ ማለፉን ለማየት ቀኝ መስታወቱን ሲመለከት ቢጫው ነገር የለም።

እንዲህ ባለ ጊዜ አንዳንዱ ሹፌር ምን እንደሚያደርግ እሱም ያውቃል። ሰው ሳይሰበሰብ ነዳጅ ረግጦ ይሄዳል። ቀናው ግን መኪናውን አቁሞ፣ በሩን እንኳን ሳይዘጋ ወደ ኋላ ሮጠ። ልጅቷ ቦይ ውስጥ በጎኗ ወድቃለች። ተሳቢው አልነካትም፤ ንፋሱ ነው ያንገዳገዳት። ስትንገዳገድ የፊት ጎማዋ አስፋልቱ የተቦረቦረበት ቦታ ገብቶ ወረወራት። ቀኝ ትከሻዋን ይዛ ጥርሷን ነክሳለች።

«ብስክሌቴስ?» አለችው።

«እሱን ተይው እናቴ። አንቺ ተርፈሻል ወይ?»

«ብስክሌቴ የት አለ?»

በባጃጅ አሳፍሮ ሐኪም ቤት አደረሳት። የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል። ሳምራ ትባላለች፤ ሃያ ዓመቷ ነው። አባቷ ከሞቱ ቆይተዋል። እናቷ ወይዘሮ ድንቅነሽ አቃቂ በሰቃ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ፤ ከተማው ሳይመጣባቸው በፊት ጤፍና ሽምብራ ያበቅሉ የነበሩ ገበሬዎች ልጅ ናቸው። ሳምራ በሠፈር ውድድሮች ሁለት ጊዜ ሦስተኛ ወጥታለች። በሚቀጥለው ወር አንደኛ እወጣለሁ ብላ ስታስብ ነው ቦይ ውስጥ የገባችው።

ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ መንገዱን ለካ። ሽማግሌም ተቀመጠ፣ ዕርቅ ወረደ። ሁሉም ጉዳዩን ጨርሶ ሄደ፤ ያልጨረሰው ቀናው ነው። እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዞ እነ ሳምራ ቤት ይሄዳል። ወይዘሮ ድንቅነሽ በር ይከፍቱና «ግባ» ይሉታል፤ ሌላ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ወንበር ይሰጡታል፣ ራሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ሽንኩርት ይለቅማሉ። እሱም ሩብ ሰዓት ያህል አቀርቅሮ ተቀምጦ ይወጣል።

«ለምን ትሄዳለህ ታዲያ?» አለችው ሚስቱ ሥርጉት። «ሴትየዋ ካላናገሩህ?»

«ባልሄድ ይብስብኛል።»

ብስክሌቷን በሰቃ ገበያ አጠገብ ወዳለው የጋሽ ሳህሌ መጠገኛ የወሰዳት እሱ ነው። ጋሽ ሳህሌ በወጣትነታቸው የፋብሪካ ቡድን ውስጥ ይወዳደሩ የነበሩ፣ አሁን ከስልሳ ያለፉ ቀጭን ሰው ናቸው። የአቃቂን ብስክሌተኞች ሰብስበው የሚያሠለጥኑትም እሳቸው ናቸው። የተጣመመውን ጎማ አዩና ቀና አሉ።

«አንተ ነህ የጣልካት?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

መፍቻቸውን አንስተው ጎማውን መፍታት ጀመሩ። ከሳምንት በኋላ ሊወስዳት ሲመጣ ብስክሌቷ ተሠርታ፣ ተወልውላ ቆማለች። ቀናው ፒካፕ ለምኖ አምጥቷል።

«በመኪና አትጫናትም» አሉት ጋሽ ሳህሌ። «ጎማዋ መስተካከሉን የምናውቀው ስትነዳ ነው። እየነዳህ አድርስላት።»

«እኔ? ጋሼ፣ ብስክሌት ላይ ከወጣሁ እኮ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። ያኔም በሰዓት ተከራይቼ ነው።»

«የወጣ አይረሳም። ሂድ።»

ሄደ። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሚዛኑን አገኘ፤ እንዲያውም ደስ አለው። ዋናው መንገድ ላይ ሲደርስ ግን ከኋላው አንድ ሲኖትራክ መጣ። ድምፁን ያውቀዋል፤ የኖረበት ድምፅ ነው። ከታች ሆኖ ግን ሰምቶት አያውቅም። መጀመሪያ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጎማው፣ ከትከሻው የሚበልጥ ጎማ፣ በግራ ጉልበቱ አጠገብ ተንከባለለ። ንፋሱ አንዴ ገፋው፣ ተሳቢው ሲያልፍ ደግሞ መልሶ ወደ ውስጥ ሳበው። «እግዚኦ!» ብሎ ጮኸ። ከብስክሌቷ ወርዶ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሹፌሩ በቂ ቦታ ትቶለት ነበር። ልክ እሱ ለሳምራ የተወላትን ያህል።

እነ ሳምራ ቤት በእግሩ እየገፋት ደረሰ። ወይዘሮ ድንቅነሽ በር ሲከፍቱ ፊቱን አይተው ደነገጡ።

«ምን ሆንክ?»

«መኪና አለፈኝ» አለ።

ሴትየዋ ገብተው በጣሳ እርጎ ይዘው መጡ። «ጠጣ» አሉት። እስኪጨርስ ድረስ ከአጠገቡ አልሄዱም። ጣሳውን ሲቀበሉት «እሷ ከወደቀች ወዲህ በየቀኑ ነው እንደዚህ የምትደነግጠው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም በየቀኑ።» ከዚያን ቀን ወዲህ ጀርባቸውን ሰጥተውት አያውቁም።

ወደ ጋሽ ሳህሌ ተመልሶ አሮጌ ብስክሌት የገዛው በኅዳር ነው። ለምን እንደገዛ ለሥርጉት ማስረዳት አልቻለም። «እንዲያው ልሞክረው ብዬ» አላት። እሑድ ጠዋት ከአቃቂ ልጆች ጋር ይወጣል፤ ልጆቹ ገና ሲያዩት «ሲኖ መጣ!» ብለው ስም አወጡለት። ዘጠና አምስት ኪሎ የሚመዝን፣ በኮርቻው ላይ ሲቀመጥ ብስክሌቱ የሚያቃስትበት ሰው ነው። ሜዳው ላይ ይከተላቸዋል፣ ዳገት ሲመጣ ወርዶ ይገፋል። አንድ ጊዜ ውድድር ገብቶ ከአርባ ሁለት ሰው አርባ ሁለተኛ ወጣ። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ባንዲራ የያዘው ሰውዬ ወደ ቤቱ ሄዷል። ሥርጉት ግን ነበረች፤ ጥላዋን ዘርግታ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆማለች። «እኔማ መኪናህ የተበላሸ መስሎኝ» አለችው፤ ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ።

በጥር የሳምራ ትከሻ ዳነ። ሐኪሙ «መንዳት ትችያለሽ» አላት። ያልዳነው ሌላ ነገር ነበር። በመጀመሪያው እሑድ ገና አንድ አይሱዙ ከኋላ ሲመጣ ፍሬን ይዛ፣ ከአስፋልቱ ወጥታ አሸዋው ላይ ቆመች። ሁለተኛው ሲመጣ እንደዚያው፤ ሦስተኛውም። ልጆቹ ርቀው ሄዱ። ከእሷ ጋር የቀረው ዳገቱን ሲገፋ የነበረው ቀናው ነው።

«ይሂዱ ጋሽ ቀናው» አለችው። «እኔ መመለሴ ነው።»

«አብረን እንመለስ።»

«አልችልም። ድምፁን ስሰማ እጄ አይታዘዘኝም።» ዓይኗ እንባ አቅሯል፤ ለእሱ ማልቀስ ግን አልፈለገችም፤ ፊቷን አዞረች።

ቀናው ይቅርታ ደግሞ ደጋግሞ ጠይቋታል፤ አሁን ቢጨምርበት ምን ይጠቅማታል? «እስቲ ዝም ብለሽ ስሚ» አላት። ከኋላቸው አንድ መኪና እየመጣ ነው። «ሳታዪው ንገሪኝ። ምንድነው?»

«መኪና ነዋ።»

«ባዶ ነው። ሲንኳኳ አይሰማሽም? ባዶ ተሳቢ ይዘላል፣ ሰንሰለቱ ይንኳኳል። ይሄ ይፈጥናል፤ ጠርዙን ይዘሽ ቀጥ ብለሽ ትሄጃለሽ፣ ወዲያው ያልፍሻል።» መኪናው አለፈ፤ ባዶ ነበር። ሌላ መጣ። «ይሄ የጫነ ነው። አሁን ማርሽ ይቀንሳል… ይኸው። ዳገቱን አይችለውም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፍሽ። የሚጎትተውን ንፋስ አትፍሪው፣ ክርንሽን ላላ አድርጊለት።»

ሰባት ስምንት መኪና እስኪያልፍ አሸዋው ላይ ቆመው አዳመጡ። ዘጠነኛው ላይ ሳምራ «የጫነ» አለች፣ ሳትዞር። ልክ ነበረች።

ከዚያ በኋላ እየነዱ ተማረች። እሷ በቀኝ ጠርዙን ይዛ፣ እሱ በግራዋ፣ በእሷና በመኪናው መካከል ይሆናል። አሁን የትኛውም ከባድ መኪና ቢያልፍ መጀመሪያ የሚያገኘው የቀናውን ሰፊ ትከሻ ነው። እሱም ይፈራል። ለእሷ ግን «ባዶ»፣ «የጫነ»፣ «አውቶቡስ ነው፣ ሊቆም ነው፣ ተጠንቀቂ» ይላታል። ጥርም የካቲትም እንዲህ አለፉ። በመጋቢት አንድ ጠዋት ጥሩምባ እየነፋ ያለፈ ተሳቢ አንገዳገደውና ቀናው ራሱ ፍሬን ያዘ። ሳምራ ሃምሳ ሜትር ያህል ቀድማ ሄዳ ዞረች።

«ባዶ እኮ ነበር!» ብላ ጮኸችበት። «ምን ያስፈራሃል?»

«አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። ቀናው መንገዱ መሃል ሳቀ።

በግንቦት የአካባቢው ክበባት የጥንድ ውድድር አዘጋጁ። ሁለት ሁለት ሆነው ከቃሊቲ ይነሳሉ፤ በአቃቂ አልፈው፣ ገላን ዞረው ወደ ቃሊቲ ይመለሳሉ። ሰዓቱ የሚያዘው ሁለተኛው ሰው መስመሩን ሲያልፍ ነው። ሳምራን ይዞ ለመግባት የማይፈልግ ጎበዝ አልነበረም፤ ፈጣኑ ፊሮምሳ ራሱ ጠየቃት። እሷ ጋሽ ሳህሌ ዘንድ ሄዳ «ከቀናው ጋር ጻፉኝ» አለች።

ቀናው ሲሰማ ሊያስቀራት ሞከረ። «ልጄ፣ ተይ። እኔ እኮ ድንጋይ ነኝ፣ አስሬ ነው የምይዝሽ። ከፊሮምሳ ጋር አንደኛ ትወጫለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምንም። ካልፈለግክ ተወው፣ እኔም እቀራለሁ።»

በውድድሩ ቀን መንገዱ ለመኪና ተዘግቷል። ቀናው ያንን አስፋልት ባዶውን ሲያየው እንግዳ ሆነበት። እስከ ገላን ቁልቁለትና ሜዳ ስለነበር ደህና ሄዱ። ሲዞሩ ግን ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ቀጫጭኖቹ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ከነፋሱ ጋር ሲታገሉ፣ ቀናው ከሳምራ ፊት ገብቶ «ከጀርባዬ አትውጪ» አላት። ዘጠና አምስት ኪሎ ያን ቀን ዋጋ አገኘ። ግድግዳ ሆኖላት ሄደ፤ አንዱን ጥንድ አለፉ፣ ሌላውን አለፉ። አቃቂ ሲደርሱ አራተኛ ናቸው፣ ሦስተኛዎቹም ከፊታቸው ይታያሉ።

ከዚያ ድልድዩ መጣ፣ ከድልድዩም በኋላ ዳገቱ። ቀናው ግማሽ ሳይደርስ እግሩ አለቀ። ጆሮው ውስጥ የሚሰማው የገዛ ልቡ ብቻ ነው። እንደ ልማዱ ወርዶ ሊገፋ እግሩን ሊያነሳ ሲል፣ ወገቡ ላይ እጅ አረፈ። ሳምራ በአንድ እጇ መሪዋን ይዛ፣ በሌላው ጀርባውን እየገፋች ነው።

«እንዳትወርድ!»

«ትከሻሽ…»

«ትከሻዬ ድኗል። ርገጥ!»

ረገጠ። መንገድ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ እየሳቀ ያጨበጭባል። «ሲኖን ልጅቷ ጎተተችው!» የሚል ድምፅ ሰማ። ምንም አልመሰለውም። የሳምራ እጅ ሲላላ ይሰማዋል፣ ተመልሶ ሲጠነክር ይሰማዋል፤ እሱም ያላትን ጉልበት ላለማባከን ባለው ሁሉ ይረግጣል። ሳምራ በጥቅምት የወደቀችበትን ቦይ ያለፉት ያኔ ነው። ሁለቱም አላዩትም። ሳምራ መንገዱን፣ ቀናው የፊት ጎማውን ነበር የሚያዩት።

አራተኛ ወጡ። ሽልማቱ እስከ ሦስተኛ ነው። ቀናው ከብስክሌቱ ወርዶ ሣሩ ላይ በጀርባው ተዘረጋ፤ ሳምራ አጠገቡ ተቀምጣ ትከሻዋን ታሻሻለች። «በእኔ ነው» አለ ትንፋሹ ሲመለስ። «ፊሮምሳ ቢሆን…»

«ዝም በል» አለችው። «ከጥቅምት ወዲህ ሳልፈራ የነዳሁት ዛሬ ነው።»

ወይዘሮ ድንቅነሽ ከሥርጉት ጋር በሰው መሃል እየተጋፉ መጡ። ልጃቸውን ውድድር ላይ አይተው አያውቁም ነበር፤ ፈርተው ቤት ነበር የሚቀሩት። ልጃቸውን አቅፈው ሲያበቁ ጎንበስ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ያዙና የቀናውን ላብ ከግንባሩ ላይ ጠረጉለት። «ተነሳ፣ ብርድ ይመታሃል፣ ኢልማ ኮ» አሉት፤ በቋንቋቸው «ልጄ» ማለታቸው ነው። ቀናው በኦሮሚኛ የሚያውቀው ጥቂት ቃል ነው፤ ይህኛውን ግን ያውቀዋል። ፊቱን ወደ ሣሩ አዞረ። ሥርጉት አይታው እንዳላየች ሆነች።

በዓመቱ ሳምራ አዋሳ ያለ ክበብ ውስጥ ገባች፤ አሁን እዚያ ትኖራለች። ቀናው መንዳቱን አልተወም። አሁንም ዳገት ላይ ይወርዳል፣ አሁንም በውድድር ከኋላ ነው፤ ባለፈው ግን አምስት ሰው ቀድሞ ገብቷል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ይጮሃል።

«ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር ሄድክ?»

«ሠላሳ አምስት።»

«እውነቱን!»

ቀናው ሥርጉትን ያያል። ሥርጉት ከወጥ ቤት ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሃያ ስምንት!» ትላለች፤ ሳምራም አዋሳ ላይ ሆና ትስቃለች።