ያልተቀመሰው ሽሪምፕ

ባለፈው ሰሞን በአንድ ሠርግ ላይ አስተናጋጁ በትንንሽ ብርጭቆ የተደረደረ ቀዝቃዛ ሽሪምፕ፣ ያንን ትል መሳይ የባሕር ምግብ፣ ይዞ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ የአቼቶው፣ የሎሚውና የሽንኩርቱ ሽታ ከፍሪጅ ቅዝቃዜ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን መታኝና ወደ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከቤቴል ዝቅ ብሎ ወዳለው የልጅነት ግቢያችን መለሰኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ናፍቆት አልነበረም፤ ያ የድሮ ጥርጣሬዬ ነበር።

ተጠራጣሪ ልጅ ነበርኩ። ወተት ሲቀዳልኝ ውሃ ጨምረውበት ይሆን ብዬ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳው ነበር፣ ትልልቅ ሰዎች ሲንሾካሾኩ እኔን የሚያሙ ይመስለኝ ነበር፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን አባባል ከማን እንደሰማሁት ባላውቅም አጥብቄ ይዤው ነበር። አባቴ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ ቤት ያለነው እናቴ እታፈራሁና እኔ ብቻ ነበርን። እናቴ አንድ ሆቴል ማዕድ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ስትልጥና ሰሃን ስታጥብ ትውል ነበር። በግቢው ፍሪጅ ያለን እኛ ብቻ ስለነበርን የጎረቤቱ ቅቤም፣ የበዓል ሥጋውም እኛ ጋ ይቀመጥ ነበር፣ ፍሪጁንም ማንም መጥቶ ይከፍተው ነበር።

አንድ ክረምት፣ ፍልሰታ ገብቶ ሁለት ሦስት ቀን እንዳለፈ፣ እናቴ ከሥራ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣችና ጓዳ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። እኔም እንደ ልማዴ በስንጥቁ አጮለቅኩ። እንደ ትል የተቆለመሙ ሮዝ ነገሮችን ከፈላ ውሃ አውጥታ ልጣጫቸውን ገፈፈች፣ በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ረድፍ እነሱን፣ አንድ ረድፍ በስሱ የተከተፈ ሽንኩርት እያደረገች ደረደረች፣ ሎሚ ጨምቃ፣ አቼቶና ዘይት አፍስሳ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሳ ከደነችውና በጨርቅ ጠቅልላ ከጎረቤታችን ከእትዬ ጥሩነሽ ቅቤ ጀርባ ፍሪጅ ውስጥ ሸጎጠችው። ጠዋት ስነሳ ጠርሙሱ የለም። ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ መጣ፣ እሱም አድሮ ጠፋ።

በላችው ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ ከሥራ ተመልሳ ስታቅፈኝ ፊቴን ወደ ፊቷ አስጠግቼ አፏን አሸትት ነበር። አፏ የባዶ ሆድ ሽታ ብቻ ነበረው። እጇ ግን ሎሚና አቼቶ ይሸት ነበር፣ እኔም እጇን አመንኩ።

አንድ ቀን እትዬ ጥሩነሽ፣ የግቢያችን አንጋፋና የእናቴ የማኅበር አጣማጅ፣ ቅቤያቸውን ሊወስዱ መጥተው ጨርቁን አዩና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ቀይ ትል ነው» አልኳቸው። «በጾም ትበላዋለች።»

ጨርቁን ገለጥ አድርገው አዩ፣ አማተቡ፣ ቅቤያቸውን ይዘው ወጡ። ደስ አለኝ፤ ትልቅ ሰው ከልቡ ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

መስከረም ጠባ፣ ዝናቡ አባራ፣ የግቢው ሰላምታ ግን አጠረ። ሴቶቹ እናቴን የጎሪጥ ያዩዋት ጀመር፣ እሷም ምን እንዳጠፋች ስላላወቀች ሰላምታዋን ታበዛ ነበር፣ እሷ ባበዛች ቁጥር እነሱ ይብስ ይጠረጥሯት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የሥጋ ዘመድ አልነበራትም፤ ስትወልድ ያረሷት፣ ስትታመም ያስታመሟት እነዚያ የማርያም ማኅበርተኞቿ ነበሩ።

የጥቅምት ማርያም ተራው የእሷ ነበር። ድፎውን ደፍታ፣ ጠላውን ጠምቃ፣ ወጡን ሠርታ ጠበቀች። ቄሱ ዳቦውን ባርከው፣ ሌላ ቤት ስለሚጠበቁ ቶሎ ሄዱ። እናቴ ወጡን አወጣች፣ «በሉ እንጂ» አለች። እጁን የዘረጋ ሰው አልነበረም። አንዷ ጨጓራዬን ያመኛል አለች፣ ሌላዋ በልቼ ነው የመጣሁት አለች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ የዘራሁት መብቀሉን ያኔ ነው ያየሁት።

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች እናቴ።

እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ክንፍም ቅርፊትም የሌለው ነገር በምትሠሪበት ድስት የተሠራ አንበላም። ያውም በፍልሰታ በልተሽው!»

እናቴ ማን እንደነገራቸው አልጠየቀችም። ጓዳ ገብታ በፌስታል የታሰረች ትንሽ ድስትና ቢላዋ አምጥታ መሀል ላይ አስቀመጠች። «ድስቱ ይኸው፣ ለብቻው ነው። የሆቴሉ ዋና አብሳይ ይሄን ምግብ አሳምሬ ከሠራሁ ከሰሃን እጥበት አውጥቶ ቀዝቃዛ ምግብ ክፍል ሊያስገባኝ ቃል ገብቶልኛል። ሆቴሉ ውስጥ መለማመጃ ቦታ ስለሌለ እዚህ እሠራና በሌሊት ወስጄ አስቀምሰዋለሁ። እኔ አንድም ቀን ቀምሼው አላውቅም።»

«ሳትቀምሺው ጨዉን በምን አወቅሽው?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ ያዝኩሽ በሚል ድምፅ።

«እርስዎ የፋሲካን ዶሮ ሲሠሩ ቀምሰው ነው?»

«በስመ አብ! በጾም? አሸተዋለሁ እንጂ!»

ከመሀላቸው ሁለት ወር ሙሉ ጾማ፣ የፋሲካን ዶሮ በአፍንጫዋ ብቻ ያላጣፈጠች ሴት አልነበረችም። እትዬ ጥሩነሽ ድስቷን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ ከዚያ ወጡን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው «ቀዝቅዟል እኮ፣ አሙቂው» አሉ። ሁሉም በሉ። ቅቤያቸው ግን ወደ ፍሪጃችን ተመልሶ አልገባም፣ ውስጡን ለቄስ።

እናቴ ፈተናውን አልፋ ቀዝቃዛ ምግብ ክፍል ገባች፣ እኔንም ያስተማረችኝ በዚያ ሽሪምፕ ነው። ማን እንደነገረባት ግን አንድም ቀን አላነሳችብኝም፣ እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ።

በዚያ ሠርግ ላይ አንዱን ብርጭቆ አነሳሁና በላሁ፤ ለንስሐ አባቴ ምን እንደምል ወደፊት አስብበታለሁ። ከዚያ በቀጥታ እናቴ አሁን ወደምትኖርበት አስኮ ሄድኩ።

«እማዬ፣ ያንን ምግብሽን ቀምሼው መጣሁ» አልኳት።

«ውይ! አፍሽን አምጪ» አለች። አስጠግታ አሸተተችኝና ፊቷን አጨማደደች። «አቼቶው በዝቷል። ሎሚም አንሶታል።»

ሳቅኩና፣ ሳቄ መሀል ላይ ቆመ። «ያኔ እኔም አፍሽን አሸትት ነበር» አልኳት።

«አውቅ ነበር እንጂ። እኔ ወልጄሽ!» አለች። «ለዚያ አይደል፣ ቤት ገብቼ አሽትተሽኝ እስክትጨርሺ ውሃ እንኳ ሳልጎነጭ የምቆየው? ከአፌ ሌላ ምን ምስክር ነበረኝ?»

ይቅርታ ልላት እጄን ዘረጋሁ። ያኔ እጇን ያዝ አድርጌ ወደ አፍንጫዬ እወስደው ነበር። ዛሬም ያዝኩት፣ ሳላሸተው ሳምኩት።