ባለቤቴን ቀዘፋ ሳስተምር

መተማ ውስጥ ጀልባ የለም። ክረምት ሲገባ ጎርፍ መንገድ ቆርጦ ሰው በገመድ ሲሻገር አይቻለሁ እንጂ የሚቀዝፍ ሰው አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ከጦርነቱ ሸሽተው መጥተው ጎረቤታችን የነበሩት ሱዳናውያን ወደ አዲስ አበባ ሲያልፉ፣ መኪናው አልጭን ብሏቸው የቀዘፋ ማሽናቸውን በረንዳችን ላይ ትተውልን ሲሄዱ፣ ሰፈሩ በሙሉ ሊያየው መጣ። አንዷ የልብስ ስፌት መኪና ነው ብላ ተከራከረች። አንዱ ደግሞ የሰሊጥ ማበጠሪያ መስሎት ሰሊጡ በየት በኩል እንደሚገባ ጠየቀኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። ረጅም ሐዲድ አለው፤ በሐዲዱ ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት መቀመጫ፣ ከፊት እግር የሚታሰርበት መርገጫ፣ በሰንሰለት የተያዘ እጀታ። እጀታውን ስትስቡት ከፊት ያለው ፋን ይዞራል። መብራት አይፈልግም፤ እኛ ጋ መብራት የሚፈልግ ነገር ማለት ግማሹን ጊዜ የማይሠራ ነገር ማለት ነው። የሱዳናዊው ሚስት ካርቱም ሳለች በየጧቱ ትሠራበት ነበር። ከመሄዷ በፊት ቁጭ ብላ አሳየችኝ። በእግሯ ገፋች፣ ጀርባዋን ወደኋላ ዘንበል አደረገች፣ በመጨረሻ እጇን ወደ ደረቷ ሳበች። ስትመለስ እጇ ቀደመ፣ ጀርባዋ ተከተለ፣ ጉልበቷ መጨረሻ ላይ ታጠፈ። መመለሻውን ከመሄጃው እጥፍ አዘገየችው። “ቢራሃ፣ ቢራሃ” አለችኝ በዐረብኛ፣ ቀስ በይ ለማለት። የቀረውን ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ተማርኩት።

ማሽኑን የፈለግሁት ግን ለራሴ አልነበረም፤ ለባለቤቴ ነበር።

ባለቤቴ ከጎጃም ሰሊጥ ሊያጭድ የወረደ ሰው ነው። በመኸር ከደጋ መጥተው በየእርሻው የሚሠሩትን ሳሉግ እንላቸዋለን፤ እሱም ከእነሱ አንዱ ነበር። ጓደኞቹ ሥራው ሲያልቅ ወደየአገራቸው ሲመለሱ እሱ ቀረ። የቀረሁት በአንቺ ምክንያት ነው ይለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሙቀቱን ወደህ ነው እለው ነበር። ለዓመታት አጭዶ በኋላ ካቦ ሆነ፣ የአጫጆቹ አለቃ። ልጅ አልወለድንም። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ሳስተምር እውላለሁ፣ ስገባ የሚቀበለኝ እሱ ነው። በዚህ ቆላ ውስጥ ከእሱ ሌላ የእኔ የምለው ሰው አልነበረኝም።

ሕመሙ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። ከገበያ ስንመለስ ቆም ቆም ማለት አበዛ። እግሩ አበጠ። ትራስ ደራርቦ ካልሆነ መተኛት አቃተው። እየጎተትኩ ጎንደር ወሰድኩት። ሐኪሙ ልቡ ደክሟል አለን። መድኃኒት ጻፈለት፣ ጨው ከለከለው፣ ማጨድና ጆንያ ማንሳት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል አለው። ቁጭ ብለህም ግን አትዋል አለ፤ በየቀኑ ተንቀሳቀስ፣ ልኩ ደግሞ ወሬህ ነው፣ እያወራህ መሥራት ካቃተህ በዝቷል ማለት ነው። ስለ ማሽኑ ነግሬው ቀስ ብሎ ከሆነ ጥሩ ነው አለኝ። በመመለሻችን ባለቤቴ እስከ መተማ ድረስ በመስኮት እያየ መጣ። ከማጭድ ሌላ የሚያውቀው ሥራ አልነበረም። እኔ በልቤ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ሰው እንዳይሞትብኝ።

የመጀመሪያው ጧት ጉድ ነበር። በግራ እጁ አገዳ ጨብጦ በቀኙ እየቆረጠ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው፤ ወገቡ ቀድሞ ይጎነበሳል፣ ክንዱ ይጎትታል፣ እግሩ ከመቆም ሌላ ሥራ የለውም። ማሽኑ ላይም እንዲሁ አደረገ። ጀርባውን አጉብጦ በክንዱ መነጨቀው፣ ከዚያ እጁ ሳይመለስ ጉልበቱን አጥፎ እጀታውን ከጉልበቱ ጋር አላተመው። ማሽኑን ትክ ብሎ አየና ይህ ነገር ሰው ይማታል እንዴ አለኝ። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። እጀታውን ያነቀው ነበር የሚመስለው፤ ለቀቅ አድርገህ በጣቶችህ ብቻ ያዘው ስለው፣ የያዝኩት ነገር ቢያመልጠኝስ አለኝ።

ማሽኑ ላይ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚሳብ የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን አለ። ባለቤቴ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር የጎበዘ መሰለው። ኮንትራት የለመደ ሰው ነው፤ በኮንትራት ሥራ ቶሎ የጨረሰ ቶሎ ያርፋል። ጥርሱን ነክሶ ወዲያና ወዲህ ሲል ከንፈሩ ጠቆረ። እኔ ስደነግጥ እቆጣለሁ፣ እንዲህ ነው ተፈጥሮዬ። ጮኼበት አስወረድኩትና ስክሪኑን በፕላስተር ሸፈንኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁጥሩን አላየንም።

አስተማሪ ነኝ፤ ማረም እወዳለሁ፣ አልክድም። በየጧቱ ፀሐይ ሳትበረታ እሱ ማሽኑ ላይ፣ እኔ አጠገቡ አንገረብ ላይ፣ የጠፍር አልጋችን ላይ፣ እንቀመጣለን። ትምህርቱን ቆራረጥኩለት። መጀመሪያ ክንዱን ዘርግቶ በእግሩ ብቻ እንዲገፋ፣ ሲለምደው ጀርባውን እንዲጨምር፣ ከዚያ በኋላ እጁን። እግር፣ ጀርባ፣ እጅ እላለሁ። ሲመለስ እጅ፣ ጀርባ፣ እግር። ዓይኔ እያየው በትክክል ይሠራል፤ ሻዩን ላወርድ ዞር ስል መመንጨቁን በድምፁ እሰማለሁ። ተማሪዎችሽ ምስኪኖች ናቸው፣ ዛሬ ገና ገባኝ ይለኛል። እኔም እነሱ ቢያንስ ይሰማሉ እለዋለሁ።

አንድ ጧት ሁለታችንም መረረን። እጄ ይቀድማል፣ ምን ላድርገው፣ ቆርጨ ልጣለው አለኝ። እኔም ለመሳደብ ከፍቼው የነበረውን አፌን ዘጋሁና ማሳ ላይ አንዱ አጫጅ ከሌላው ሲቀድም ምን ታደርጋላችሁ ብዬ ጠየቅሁት። ይህን ጊዜ ቀና ብሎ አስረዳኝ። አጫጆች በመስመር ነው የሚሄዱት፣ እያንዳንዱ የራሱ ድርሻ አለው። አንዱ ወደኋላ ከቀረ አጠገቡ ያለው ሰው ከድርሻው ገብቶ ይቆርጥለታል፣ እኩል እስኪሆኑ ድረስ። አይጠየቅም፣ አይመሰገንም። ጎረቤቱን ጥሎ የቀደመ ሰው ግን ራት ላይ መቀለጃ ይሆናል።

“እንግዲያው እግርህ ወደኋላ የቀረው ሰውዬ ነው” አልኩት። “እጅህ ይጠብቀው።”

ትንሽ አሰበና ሳቀ። ከዚያ እጁ ጠበቀ። እግሩ ገፍቶ እስኪጨርስ ክንዱ ተዘርግቶ ቆየ፣ ጀርባው ተከተለ፣ እጀታው ደረቱ ሥር ደረሰ። ሲመለስም እጁ ጉልበቱን አልፎ ሄደና ጉልበቱ ከዚያ በኋላ ታጠፈ። እሱ ሲስብ ፋኑ ጮኸ፣ ሲመለስ ሰከነ፣ በመሃሉ ሙሉ ትንፋሽ ወሰደ። ደገመው። እኔ አንገረቡ ላይ ሆኜ እንባዬ መጣ፤ እንዳያየኝ ሻዩን ላማስል ተነሣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር አልጠበቅሁትም። ባለቤቴ ዝምተኛ ነበር። ስንጋባም ዝምተኛ፣ ስንጣላም ዝምተኛ። ሐኪሙ ልኩ ወሬህ ነው ስላለው ግን ማሽኑ ላይ ሲቀመጥ ማውራት ግዴታው ሆነ። መጀመሪያ የሚያወራው አጥቶ የሚያልፉትን ፍየሎች ቀለም ይነግረኝ ነበር። ቀስ በቀስ ወደ ራሱ መጣ። እናቱ ሲሞቱ እዚህ አጨዳ ላይ እንደነበረና ወሬው የደረሰው ሥራው ካለቀ በኋላ እንደሆነ ነገረኝ። መተማ የመጣው እግረ መንገዱን እንጂ ሐሳቡ ሱዳን መሻገር እንደነበር፣ እኔን ውኃ መቅጃው ጋ ወረፋ የዘለለ ሰው ላይ ስጮህ አይቶኝ መሻገሩን እንደተወው ነገረኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን አልነገረኝም ነበር። በትዳራችን ውስጥ ደስ ያለኝ ጊዜ የቱ ነው ብትሉኝ ያ ክረምት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እሱ እየቀዘፈ ሲያወራልኝ።

ክረምቱ ሲወጣ የእግሩ እብጠት ጎደለ። ገበያ ደርሶ ሳይቆም መመለስ ቻለ። ሐኪሙም ተሽሎሃል አለው፤ ግን ክልክሉ ክልክል ነው ብሎ ደጋግሞ ነገረው። ወደ ቤት ስንመለስ እኔ በደስታ፣ አሁን ጎበዝ ሆነሃል አልኩት።

በዚያ መኸር መንገዱ ሰላም ስላልነበረ ሳሉጉ እንደ ወትሮው አልወረደም። ሰሊጥ ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ጊዜው ካለፈ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ባለቤቴ ካቦ የነበረበት እርሻ ባለቤት ቤታችን ድረስ መጣ። ጥላ ሥር ተቀምጦ ሰዎቹን ያስተባብርልኝ እንጂ እጁን እንዲያነሣ አልፈልግም አለ። የመጡት ጥቂት አጫጆች የባለቤቴ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ሕመሙን አያውቁም፣ እሱም እንዲያውቁበት አልፈለገም። እኔ አይሆንም አልኩ፤ ሁለት ጧት ተጨቃጨቅን።

“ማጭድ አልይዝም” አለኝ በመጨረሻ። “ከጥላ አልወጣም።”

“ማጭድ ስታይ እጅህን አውቀዋለሁ” አልኩት።

“ጎበዝ ሁነሃል ያልሽኝ አንች አይደለሽ? ክረምቱን ሙሉ ስታርሚኝ ከርመሽ አሁን ልትጥይኝ ነው?”

ሳቅሁ። አንዴ ከሳቅሁ በኋላ መቆጣት አልሆነልኝም። ኮፍያውንና መድኃኒቱን አስይዤ የእርሻው ትራክተር ተጎታች ላይ ሲወጣ እጄን አውለብልቤ ሸኘሁት።

ብዙም አልቆየም። አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ እያለሁ ርእሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ በእጁ ጠራኝ። የእርሻው ፒካፕ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ሲያይ ገባኝ። የያዝኩትን ጠመኔ የት እንደጣልኩት አላስታውስም።

ከተቀበረ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሳለሁ የአገሩ ሰዎች መጡ። ከእነሱ መሃል አንድ ሽማግሌ አጫጅ ነበሩ። ያን ቀን ወባ ይዟቸው ከመስመሩ ወደኋላ የቀሩት እሳቸው እንደሆኑ፣ ባለቤቴም ከጥላው ተነሥቶ የሰው ማጭድ ተቀብሎ ከድርሻቸው ሊቆርጥላቸው እንደገባ ቀድሜ ሰምቼ ነበር። ሲገቡ ሳያቸው ልጮህባቸው ተነሥቼ ነበር። ከዚህ ሁሉ አጫጅ ለምን አንቱ ቀሩ ልላቸው፤ ትርጉም የሌለው ነገር ነው፣ ግን ልላቸው ነበር። እሳቸው ግን የምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ገና ትኩሳቱ አልለቀቃቸውም። ንዴቴ የሚያርፍበት አጣ።

ስለዚህ ሌላውን ጠየቅኋቸው። ሲያጭድ ደክሞት ነበር ወይ አልኳቸው።

“አልደከመውም ልጀ፣ እኔን የገረመኝ እሱ ነው” አሉኝ። “ድሮ አውቀዋለሁ፣ ሲያጭድ እሳት ነበር። ይጣደፋል፣ ያልበዋል፣ ቶሎ ተቀምጦ ውኃ አምጡ ይላል። ያን ለት እንዲያ አይደለም። ይቆርጣል፣ ቀና ይላል፣ ደህና አድርጎ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ነው ዝቅ የሚል። ሲያወራኝ ነበር። ምን ሁነህ ነው እንዲህ የረጋህ ብየ ብጠይቀው፣ አስተማሪ አግብቸ አለኝ። ሌሎቹንም እንዲህ አድርጉ እያለ መስመሩ በሙሉ በሱ ልክ ሄደ። ማሳው ጫፍ ድረስ አብረን ወጣን።”

ጫፍ ሲደርሱ ማጭዱን ላዋሰው ሰው መለሰ፣ ቁጭ አለ፣ ውኃ እስኪያቀርቡለት ዘመም አለ። እንደዚያ ነው ያሉኝ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ሳይሠቃይ መሄዱ አንድ ነገር ነው አሉ። ሁሉም ሊያጽናኑኝ ነው፣ አውቃለሁ።

እኔ ግን አስተማሪ ነኝ፤ የተማረልኝን ሰው ሳይነግሩኝ አውቀዋለሁ። እሱ ካስተማርኩት አንዱንም አልረሳም። እንደ ድሮው ቢጣደፍ ኖሮ ማሳው አጋማሽ ሳይደርስ ትንፋሽ አጥሮት ይቀመጥ ነበር። አፍሮ ወደ ጥላው ይመለስ ነበር። ማታ እግሩ አብጦ ቤት ይመጣልኝና ስሰድበው አመሽ ነበር። ያን ሁሉ ማሳ ሳይደክመው ያስኬደው ለልቡ ብዬ ያስተማርኩት እርጋታ ነው፤ እሱ ባይደክመውም ልቡ ግን ደክሞ ነበር፣ እርጋታው ደበቀበት።

ሽማግሌው ሊወጡ ሲነሡ ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ነኩኝ። “ደግ አድርገሽ ነው ያስተማርሽው ልጀ” አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ከዚያ የእኔ የማይመስል ጩኸት ከአፌ ወጣ፣ ሴቶቹም በሁለት በኩል ያዙኝ።