ከርጭት በኋላ ወተት

ዛሬ ጠዋት አባቴ ከእንሴኖ ደወለ። የወንድሜን ልጅ ሰሚራን አዲስ አበባ አንድ የግል ኮሌጅ ለህክምና ተቀብሏታል። "አልሐምዱሊላህ!" አልኩ ከልቤ። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝና፣ ወልቂጤ በምሠራበት ሆስፒታል በር ላይ ጋውኔን እንዳንጠለጠልኩ ሳልገባ ቆምኩ።

እኔንም ያስተማረኝ ጫት ነው። አባቴ ከጓሯችን እንሰቱን ነቅሎ ጫት ተከለ፤ የኮሌጅ ክፍያዬን የሚልከው ከዚያ ነበር። ገበያው የሚወደው ለጋውን ቀንበጥ ነው፤ ተባዩም እንደዚያው። ስለዚህ የተባይ መርዝ ይረጫል።

ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ በበጋው እረፍት ወደ ቤት ሄድኩ። ከቡታጅራ ጀምሮ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ቀልቶ፣ ሽታው በአውቶቡሱ መስኮት እየገባ ያስነጥሰናል። እንዴት ደስ ይል ነበር! አጥራችን ጋ ስደርስ እናቴ ወተት የሞላ ኩባያ ይዛ ቆማለች። ለእኔ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

"የአባትሽ ነው" አለችኝ።

በእኛ ሰፈር ርጭት የዋለ ሰው ወተት ይጠጣል፤ መርዙን ያጥባል ይባላል።

አባቴ መርጫውን አዝሎ ከጫቱ መሐል ብቅ አለ። የነጭ ሽንኩርት የመሰለ ክፉ ሽታ ቀድሞት መጣ። መርጫው አፍስሶ ጀርባውን አርሶታል፤ በዚያ ቀዝቃዛ አመሻሽ ላብ ያጠምቀዋል፤ ምራቁን ቶሎ ቶሎ ይተፋል። ቀረብ ብዬ ዓይኑን አየሁት። ብሌኑ የመርፌ ቀዳዳ አክላለች። አስተማሪያችን በዚያው ሰሞን ሰሌዳው ላይ የጻፈልን የመርዝ ምልክት ሁሉ አጥራችን ሥር ቆሞ ወተት ይጠጣል።

"አባ፣ ይሄ ነገር ይገድልሃል። ወተት አያወጣውም፤ ተምሬዋለሁ።"

"ወላሂ፣ ስትጨርሺ እተዋለሁ" አለ አፉን በእጅጌው እየጠረገ።

"እንግዲያው ትምህርቱ ይቅርብኝ። አቋርጣለሁ።"

ተቆጣ። "አንቺ ካቋረጥሽ፣ እስካሁን የረጨሁት ለምን ነበር?"

ልብሱን አስወልቀን በሳሙና አጠብነው፤ በማግስቱ ተሻለው፤ እኔም ወደ ኮሌጄ ተመለስኩ። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ ያው መርዝ መጣ። ምልክቶቹን ሳላስብ ጻፍኳቸው፣ ሙሉ ማርክ አገኘሁ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

አባቴ ቃሉን ጠበቀ፤ ስመረቅ ተወ። መርጫውን እኔው ወስጄ ደበቅሁት። ዛሬ ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል፤ እንዲያም ሆኖ ይፈስበታል። ሐኪም ነኝና ከመርዙ የመጣ ነው ብዬ መማል አልችልም። ልጁ ነኝና እምላለሁ።

ሐኪም ስሆን አባቴ ምክሬን የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን የሰሚራ ክፍያ በእኔ ደሞዝ ብቻ እንደማይገፋ ያውቃል። ጠዋት የጠየቀኝም መርጫውን የት እንዳደረስኩት ነው። ጭንቀቴ ገባው መሰለኝ፣ ድምፁን አለሳልሶ፦

"አይዞሽ ልጄ" አለኝ፤ "ላማችን ወልዳለች።"