አባቴ ትንፋሻቸውን ሲቆጥሩ

ትናንት ጎመን እየቀነጠስኩ ሬዲዮ ሳዳምጥ፣ አንዲት ሐኪም የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች ቀስ ብሎ በመተንፈስ ማቅለሽለሹንና ጭንቀቱን ማቅለል እንደሚችሉ ተናገረች። እጄ ሥራውን አቆመ። በሃያ ዓመቴ ይህን ነገር ማታለያ ነው ብዬ ነበር።

አባቴ ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ባለችው አምበር ከተማ የታወቁ እህል ነጋዴ ነበሩ። ሆዳቸው ውስጥ ካንሰር ተገኝቶ አዲስ አበባ ሕክምና ሲጀምሩ አስታማሚያቸው እኔ ሆንኩ። ከደብረ ማርቆስ በሚነሳው አውቶቡስ ስንመላለስ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ያቅለሸልሻቸዋል፤ ሎሚ አፍንጫቸው ሥር ይዤ እወርዳለሁ።

አንድ ጠዋት አጥሚት ይዤ ስመለስ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አንዲት ወጣት ነርስ «በአፍንጫዎ ይሳቡ አባባ፤ አሁን ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርዱ ቀስ ብለው ያውጡ» ትላቸዋለች።

ኮሪደሩ ላይ ተከተልኳት።

«ይህን የምታስደርጊያቸው መድኃኒቱ አልቆ ነው አይደል?»

«አላለቀም፤ ይቀጥላል። ይኼ በሽታውን አያድንም፣ ማቅለሽለሹን ግን ያቀልላቸዋል።»

ፈጥና መለሰችልኝ። አባቴ ደግሞ «ሻጭ ቶሎ ከመለሰልሽ የጆንያውን ሥር እዪ» እያሉ ነው ያሳደጉኝ።

«ሁለተኛ እንዳትመጪባቸው!» አልኳት።

አልመጣችም። በማግስቱ መድኃኒቱ በደም ሥራቸው መውረድ ሲጀምር አባቴ ማስታወኪያ ሳፋ አቅፈው ዋሉ።

«ያቺ ልጅ የት ገባች?» አሉኝ። ሳፋውን ላጥብ ብዬ ተነሳሁ።

«አንቺ ነሽ?»

«ያታለለችዎት መስሎኝ ነው፣ አባዬ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እኔስ ሳልጠረጥራት የቀረሁ መሰለሽ? እንደማልድንበት ራሷ ነግራኛለች። ግን ትንሽ ፋታ ይሰጠኛል። ደግሞ የመጣው ጠያቂ ሁሉ እንዴት ነዎት ይለኛል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ስቆጥር ግን ማንም አይጠይቀኝም።»

ሄጄ ለመንኳት። አንድም ቃል ሳትወቅሰኝ ተመለሰች።

ወደ አገራችን ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ በጣታቸው እየቆጠሩ ተነፈሱ። እኔ አሁንም አላመንኩም፤ ከንፈራቸውን ትክ ብዬ አያለሁ።

«ልጄ፣ እንዲህ ስታፈጪብኝ ነው የሚያቅለሸልሸኝ» አሉ፤ ከኋላችን የነበሩት ሳቁ። ድልድዩን ተሻግረን አውቶቡሱ ሲቆም ወርደው አንድ ጊዜ ብቻ አስታወኩ። ደጀን ስንደርስ ግማሽ ዳቦ በሉ።

የሚቀጥለውን መኸር አላዩም። ትንፋሹ አላዳናቸውም፤ ያድናቸዋል ያለም አልነበረም።

መጠርጠሬን ዛሬም አላፍርበትም፤ በሰው ሕመም የሚነግድ ሞልቷል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስለ አባቴ ትንፋሽ ነርሷን አፋጥጬ ከለከልኳት፤ ባለ ትንፋሹን ግን «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላልኳቸውም።