የኢንተርኔት ቤቱ ሹፌር

በየጠዋቱ እናቱ እስከ መናኸሪያው በር ይሸኙታል። መዳፋቸውን ዘርግተው «ያረቢ፣ ከመኪና አደጋ ጠብቅልኝ» ሲሉ ጎንበስ ብሎ «አሚን» ይላል። ጥቁር መነጽር፣ የቆዳ ጓንት፣ አንገቱ ላይ ፎጣ፤ ለሹፌርነት ከመኪና በቀር የጎደለው ነገር የለም። እሳቸው ዞር ሲሉለት ማዶ ካለው ኢንተርኔት ቤት ይገባል። እህቱ ከጅዳ «መንጃ ፈቃድ አውጣበት» ብላ በላከችው ብር የገዛውን የጌም መሪ ጠረጴዛው ላይ አስሮ፣ ከብራዚልና ከቱርክ ሰዎች ጋር ኮምፒውተር ላይ ሲሽቀዳደም ይውላል። የመካነ ሰላም ኔትወርክ አንደኛ አውጥቶት አያውቅም፤ ግን አንድ ብራዚላዊ «ጎበዝ» ብሎ የጻፈለትን ለገባው ሁሉ ያሳያል።

ትናንት መኪናው ሦስት ጊዜ ተገልብጦ ግንብ ላይ ተለጠፈ። መነጽሩን አውልቆ ላቡን ጠረገና አጠገቡ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ ዞሮ ከልቡ እንዲህ አለኝ፦ «ያተረፈኝ የእናቴ ዱዓ ነው።»